ሰፈር ያቋቋመች በር

በዚህ ሰፈር መጀመሪያ የሰፈረው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ያሰበ እንግዳ ምሳውን በልቶ ቢመጣ ይሻለዋል። ግንበኛው «እኔ ስመጣ እዚህ ከእባብ በቀር ጎረቤት አልነበረኝም» ይላል። ዳቦ ጋጋሪዋ «እሱን እዚህ ያቆመው የእኔ ዳቦ ሽታ አይደል እንዴ?» ትላለች። ጡረተኛው አስተማሪ ደግሞ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከምድር አፈጣጠር ይጀምራል። አናጢዋ ብቻ ዝም ትላለች። ምላሷ ከመጋዟ ስለማይተናነስ ሰፈሩ «እትዬ መጋዝ» ይላታል፤ እንዲህ ያለች ሴት ዝም ስትል አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ አለ ማለት ነው። ነበረም።

ዛሬ ሰፈሩን የሚያይ ሰው ድሮም ከተማ የነበረ ይመስለዋል። አውቶቡስ አለ፣ ባንክ አለ፣ ፊታቸው መስታወት የሆነ ፎቆች አሉ፣ ከሚጋባው ሰው የሚበልጥ የሠርግ አዳራሽ አለ። ከነዳጅ ማደያው እስከ አደባባዩ ድረስ ብቻ አንድ ረድፍ የድሮ ቤቶች ቀርተዋል። በራቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ልማድ ሆኖባቸው የረድፉ ሰዎች ባንክ ሲገቡም ጎንበስ ይላሉ፤ የባንኩ ዘበኛም «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» እያለ ያደንቃቸዋል። ጨዋነት እንኳ አይደለም፤ ግንባራቸው የቀመሰውን ስለማይረሳ ነው።

ያኔ ቦታው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ የተዘረጋ ሜዳ ነበር። ከተማ ውስጥ ማደሪያ ያጡ የፋብሪካው ሠራተኞች በተሰባበረ ጡብ ግድግዳ አቆሙ፣ በዛገ ቆርቆሮ ከደኑት። አናጢዋ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ባሏ ከምድጃ ጡብ ያወጣል፣ እሷ ከአባቷ የለመደችውን ሙያ ትሠራለች። አንዲት ክፍል ቀለሱ። ሳይሰነብት የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ አፍራሾቹን አስከትሎ መጣና ክፍሏን በዝናብ አፈረሳት። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ ጣሪያና በር ያለው ነገር ቤት ነው፣ ያለ ፍርድ ቤት አይነካም። በር የሌለው ክምር ነው፣ ክምር ደግሞ ይነሳል። አናጢዋ ጭቃው ውስጥ ቆማ ሰውየውን ሽቅብ አየችውና፣ «እግርህን ይያዘው!» አለችው።

ያዘው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ቀኝ እግሩን እያነከሰ ነበር። አናጢዋ ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ ደስ አላት፣ ትንሽም ፈራች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ስትጣላ እግሩን እያየች መቆጣት ትታለች።

እሷ ግን በእርግማን ብቻ አልተቀመጠችም። በር ያስፈልጋል ከተባለ በር ይኑር አለች። እንጨት ጠፍቶ ስለነበር የተገኘው ለአንዲት በር ብቻ በቃ። ላይኛው ክፍሏ ከማሽን ማሸጊያ ሳጥን፣ ታችኛው ከሞተ አውቶቡስ ወለል የተሠራች ነበረች፤ ስትንኳኳ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ትስላለች። አናጢዋ የሁሉንም ቤት መቃን በእሷ ልክ ሠራች፣ መቃኑ ላይም የብረት ሹል ተከለች፤ በሪቱ ከአንዱ ሹል ተነስታ ሌላው ላይ ቁጭ እንድትል። ሁሉም ቤት ከኋላ ሰፋ ያለ መስኮት ተበጀለት። ተቆጣጣሪው የግንበኛውን ቤት በር በመዶሻው እጀታ ቆርቆር አድርጎ፣ «ቤት ነው» ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ በሪቱ ተነቅላ፣ ቤቱን አቋርጣ፣ በኋላ መስኮት ወጥታ፣ በጓሮ በጓሮ ሮጣ ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ትሰቀላለች። እሱ ደግሞ፣ ተመስገን፣ አንካሳ ነው። አፍራሾቹም አለቃቸውን መቅደም ስለማይችሉ ከኋላው ይጎተታሉ። ረድፉ ሁሉ በዚህ ዓይነት ቤት ተባለ። አናጢዋ ይህን ሁሉ ያየች እንደሆነ በሆዷ «ሰፈሩን ያቋቋመው የእኔ እርግማን ነው» ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ነበረው ማለት አይቻልም። አውቶቡስ የገባው ሊዞር ሲል ጭቃ ስለያዘው ነው፤ ተጎትቶ እስኪወጣ ሰው ተሳፈረበት፣ ማዘጋጃ ቤቱም ነገሩን ለምዶት ፌርማታ አለው። መብራት የመጣው ለፋብሪካው ነበር፤ መንገድ ላይ ስንቱ ቤት እንደጠለፈው ፋብሪካው ሲዘጋ ነው የታወቀው። በመጨረሻ ከተማው ራሱ እየሰፋ መጥቶ ደረሰባቸው። ሕጋዊ ናችሁ ተባሉ፣ ሁሉም የየራሱን በር አሠራ፣ መቃኑ ላይ የቀሩት ሹሎች የቁልፍና የፌስታል ማንጠልጠያ ሆኑ። በሪቱን አንድ ክፉ ክረምት እሳት በላት ተባለ። ይህን ያለችው አናጢዋ ናት። በሪቱ ግን አናጢዋ ሱቅ ውስጥ በሆዷ ተኝታ የሥራ ጠረጴዛ ሆና ነበር፤ ኮላ ይፈስባታል፣ መጋዝ ይጭራታል፣ የአናጢዋ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥባታል።

ታዲያ የሰፈሩ ልጆች ይህን ታሪክ ለምን አያውቁትም? ተቆጣጣሪው ጡረታ ሲወጣ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እዚያው ረድፍ ጫፍ ላይ መጥቶ ቤት ሠራ! ጎረቤት ሆነ፣ «ጋሽ አፍራሹ» ተባለ፣ ቀብር ላይ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ገመድ የሚይዘው እሱ ሆነ። ጎረቤት የሆነን ሰው «ስንቀልድብህ ነበር» ብሎ መንገር ያሳፍራል፤ ስለዚህ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አሉ። ለልጆቻቸውም እያንዳንዱ ቤት «የመጀመሪያዋ በር የእኛ ነበረች» ብሎ ነገረ። ሌላም ጉድ አለ። ሰውየው እዚህ በገባ በዓመቱ አላነከሰም። ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ! ሰፈሩ «የጉድጓዱ ውሃ ነው» አለ፣ ወሬው ከተማ ደረሰ፣ እግሩን የሚያመው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይጎርፍ ጀመር። አናጢዋ ብቻ ቅር አላት፤ እርግማኗ እንዲህ በቀላሉ በውሃ መታጠቡ ከነከናት። ሰውየውን አንድም ቀን ይቅር አላለችውም። የእድሜ እኩያዋን ሁሉ «አንተ» ስትል እሱን ብቻ «እርስዎ» ትለዋለች፤ ደህና አደሩ ስትለው በረዶ ይዘንባል። በር ሥሪልኝ ሲላትም «እንጨት የለም» አለችው፣ ከተማ ሄዶ የቆርቆሮ በር ገዛ።

ነገሩ የተቆሰቆሰው መንገድ ይሰፋል ሲባል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የላካት ወጣት የቅርስ ባለሙያ ሰዉን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስባ፣ ረድፉ መንገዱ ላይ እንደወደቀ፣ ነገር ግን ሰፈሩ የተቆረቆረበት አንድ ቤት ለቅርስነት እንደሚተርፍ ነገረቻቸው።

«ሁላችሁም ሰፈሩ በበር እንደተጀመረ ነው የነገራችሁኝ» አለች። «የመጀመሪያዋን በር የሰቀለው ቤት የመጀመሪያው ቤት ነው። የማን ናት?»

የረድፉ እጅ ሁሉ ወጣ። አስተማሪው ሁለቱንም አወጣ።

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና፣ «እንግዲያው መጥቼ በየቤቱ አያለሁ። በሩን የሚለይልኝ ሰውም አለ፤ የዚያን ጊዜው ተቆጣጣሪ» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ጋሽ አፍራሹን አየው። እሱ ባርኔጣውን ያይ ነበር።

አናጢዋ ቤቷ ስትገባ ሱቋ መሃል ቆመች። ባሏ የሞተው እዚህ ነው፤ ልጆቿ ተወልደው ዓለም ላይ የተበተኑት ከዚህ ነው። ሌላ ቤት አግኝታ የምትለምድበት ዕድሜ የላትም፣ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች። የሻይ ብርጭቆዋን አነሳችና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገችው። በሪቱ ሳለች።

«አለሁሽ ትያለሽ አይደል?» አለቻት።

በማግስቱ ግንበኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሱቋ ገባ። «እትዬ መጋዝ፣ በመካከላችን ይቅርና… አንድ አሮጌ በር ብትሠሪልኝ።»

«አሮጌ በር አይሠራም፣ ያረጃል።»

«ያንቺ እጅ ምን ያቅተዋል?» አለና ክርኑን በሪቱ ራሷ ላይ አስደገፈ። አናጢዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

እሱ በወጣ ቅጽበት ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች። እሷ እንኳ ራሷ ሞክራ ነበር፤ እንዲጠቁር ብላ ምድጃው አጠገብ ያቆመችው በር ጫፉ ነዶባታል። ቀጥሎ አስተማሪው መጣና «እርጅናው በቅደም ተከተል ይሁን፣ መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ ምስጥ» ብሎ አዘዘ። እንዲህ እያለ ረድፉ በሙሉ ተራ በተራ፣ አንዱ ከሌላው እየተደበቀ መጣ፤ አንዱ ሲገባ የቀደመውን በጓሮ ታስወጣዋለች። አናጢዋ ጣውላውን በሰንሰለት ደበደበች፣ በሻይ ነከረች፣ በምስማር የምስጥ ቀዳዳ አበጀች። የሁሉንም የሠራችው እውነተኛዋ በሪቱ ላይ አጋድማ ነው። ዓይን ለማታለል የጎደላቸው ነገር አልነበረም፤ ድምፃቸው ብቻ ጤነኛ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ» አለች ለመጋዟ።

የምርመራው ቀን ጠዋት በሪቱን ከተኛችበት አነሳቻት፣ ሰገራ ላይ ወጥታ የራሷ መቃን ሹል ላይ አስቀመጠቻት። ቁጭ አለች፣ ትናንት የወረደች ይመስል። ከዚያ ደጃፏ ላይ ወንበር አወጣችና ቁልቁል ማየት ጀመረች። የእሷ ቤት ከረድፉ በላይኛው በኩል ስለሆነ ሁሉም ይታያታል።

ባለሙያዋ፣ ቀይ ቀለም የያዘ መሐንዲስና ጋሽ አፍራሹ ከታች፣ ከግንበኛው ቤት ጀመሩ። ጋሽ አፍራሹ እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብሎ ሄዶ በሩን ቆርቆር አደረገ። በሩ እንደ አዲስ ሙሽራ ጥርት ባለ ድምፅ መለሰ። ሰውየው በሩን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ይህች ገና ልጅ ናት» አለ። «ያቺ ትስል ነበር።»

መሐንዲሱ ብሩሹን ነከረና ግድግዳው ላይ የ«ይፍረስ» ምልክቱን ቀይ መስቀል አደረገ። ግንበኛው ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። ያ ለፍላፊ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ጀመር። አናጢዋ እነዚያን እጆች ታውቃቸዋለች። ባሏ የሞተ ሰሞን፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ ግድግዳዋን ለስኖላት ሻይ እንኳ ሳይጠጣ የሄደ ሰው ነው። ዓይን የሚያታልል ድምፁ ግን የሚያጋልጥ በር የሰጠችው ራሷ ናት።

«ወይኔ መጋዝ!» አለች። «ብቻሽን ቀርተሽ ከማን ጋር ልትጣዪ ነው?»

ተነሳች፣ በሪቱን ከሹሉ ነቀለቻት፣ በኋላ መስኮት ገፍታ አወጣቻትና ጓሮ ለጓሮ እየጎተተች ወረደች። መንገድ ላይ አስተማሪውን በክራቫቱ ይዛ ጎተተችው። «አንሳ!»

«ይህ ነገር እኮ…» ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ።

«እየሮጥክ አስረዳኝ!»

ዳቦ ጋጋሪዋ በኋላ መስኮቷ ብቅ ስትል የድሮዋን በር አየች። አፏን በእጇ ያዘች። «ተቃጠለች አላልሽም?»

«ተቃጥላ ድና ነው። የዛሬ ጎረቤትነትሽን አሳዪና ተቀበይ!»

ተቀበለች። ግን ጊዜ አልነበረም። አናጢዋ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ስንጥቅ ስታይ ጋሽ አፍራሹ ፊቱን ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት አዙሯል። ያ ቀጥ ያለ አረማመዱ ከሆነ፣ አዲሱ በር ሳይነሳ ይደርሳል። የሦስቱም ጉልበት የድሮው ጉልበት አይደለም። አለቀልን አለች።

ያን ጊዜ ጋሽ አፍራሹ ወደ ስንጥቁ ዞር ብሎ አየ። የእሷን ዓይን ይየው አይየው አላወቀችም። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ ወገቡን ያዘ። ሌላ እርምጃ ሄደና አነከሰ።

«ምን ሆኑ አባባ?» አለ መሐንዲሱ።

«የድሮ ሕመም ናት። እዚህ ረድፍ ላይ ብቻ ነው የምትነሳብኝ።»

አናጢዋ በሪቱን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰውየው እያነከሰ፣ እያረፈ፣ ባርኔጣውን እያወለቀ ላቡን እየጠረገ ይመጣል፤ መሐንዲሱም አክብሮ ከኋላው ይጎተታል። ልክ እንደ አፍራሾቹ! ዓመታት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጡባት።

«ምን ይገትርሻል? ያዢ እንጂ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ጋሽ አፍራሹ ሲደርስ በሪቱ ተሰቅላለች። ቆርቆር አደረጋት። ሳለች።

«ይህች ናት» አለ። ባለሙያዋ ፊቷ በራ። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ግን ልጄ፣ ግንበኛው ጋ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበር። ተመልሰን ደግመን ብናየው?»

«ዓይንዎ እንዴት ድምፅ ያሳስትዎታል?» አለ መሐንዲሱ።

«እርጅና ነው። ስትደርስበት ታየዋለህ።»

እያነከሰ ተመለሰ። ግንበኛው ቤት የተሰቀለችው በር ሳለች። «ይህችም ናት» አለ። ግንበኛው በሩን አየ፣ ጋሽ አፍራሹን አየ፣ ዕንባውን በመዳፉ ጠረገና የልስን መሣሪያውን ሊያነሳ ወደ ጓዳ ሮጠ። አስተማሪው ቤት ሲደርሱ አስተማሪው ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሶ፣ ከመቼውም በተለየ ቃል የሚያወጣበት ትንፋሽ አጥቶ ነበር። «ይህችም ናት።»

ባለሙያዋ እዚህ ላይ ጠጋ ብላ በሪቱን አየቻት። ጣቷን ጠብ ብሎ የደረቀ ኮላ ላይ አሳለፈች። በተከፈተው የኋላ መስኮት አሻግራ ጓሮውን አየች፤ ጭቃው ላይ የዳቦ ጋጋሪዋ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ቀርቷል። ሳቋን በሳል ሸፈነች።

«ውሃ ይኖራችኋል?» አለች። «እኔ ደግሞ ውሃ ስጠጣ ቀስ ብዬ ነው የምጠጣው። ሳልጨርስ ማንም ወደሚቀጥለው ቤት እንዳይሄድ።»

በየቤቱ ጠጣች። ምስኪን ልጅ፣ እንደዚያ ቀን ውሃ ጠጥታ አታውቅም።

አናጢዋ ቤት ሲደርሱ አናጢዋ ደጃፏ ላይ እያለከለከች ቆማለች። በሪቱን ባለሙያዋ ራሷ አንኳኳቻት። ሳለች።

«እማማ፣ በርዎ ጉንፋን ይዟታል።»

«ዛሬ ብዙ ንፋስ አገኛት፣ የኔ ልጅ።»

መሐንዲሱ ታገሠ፣ ታገሠና አልቻለም። «ታዲያ የመጀመሪያው ቤት የትኛው ነው?»

«ረጅም ቤት ነው» አለች ባለሙያዋ። «ግንበኛው ጋ ይጀምርና እዚህ ያልቃል። አንዲት በር ካለችው አንድ ቤት ነው።»

መሐንዲሱ ረድፉን አየ። ከዚያ ዞሮ ከመንገዱ ማዶ ከማስታወቂያ ሰሌዳ በቀር ምንም የሌለበትን የተዘጋውን ፋብሪካ ሜዳ አየ። መሬቱን በጫማው ጫፍ እየጫረ፣ መንገዱን ወደዚያ ማስጠጋት እንደሚቻል፣ ግን ሥዕሉን እንደ አዲስ መሥራት እንዳለበት፣ ይህንንም ማንም እንደማያመሰግነው አጉረመረመ። ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ብብቱ ውስጥ ወሸቀችለት። ግንበኛው ቀዩን መስቀል እንግዶቹ መኪናቸው ሳይነሳ ለስኖ ጨርሶት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አናጢዋ ሜትሯን ይዛ የጋሽ አፍራሹን የቆርቆሮ በር አንኳኳች። በሩን ከፍቶ ሲያያት ተደናገጠ፤ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

«ያኔ ቀኙን ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«የምታነክሰውን። ዛሬ በግራህ ነው ያነከስከው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሁለቱን እግሮቹን አየ። «እውነትሽን ነው?» አለ። «አረጀሁ እኮ። ረሳሁት።»

አናጢዋ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ዕንባ ቀደማት። «እኔ እኮ እርግማኔ ነው ብዬ… ዕድሜ ልኬን…»

«እርግማንሽማ ደርሶኛል» አለ። «የያዘው ግን እግሬን አልነበረም። ያቺን ክፍል ካፈረስኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

አናጢዋ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ሜትሯን ዘረጋች። መቃኑን ለካች፣ ጥርሷን ፋጨች። «ሰፊ ነው፣ ረጅምም ነው። በሪቱ እንድትገጥም ከላይ ዝቅ፣ ከጎን ጠበብ አደርገዋለሁ።»

«ያቺን በር? ለእኔ?»

«ለሁሉም አዳርሳለች፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

«ታዲያ መቃኑን ዝቅ ካደረግሽው ግንባሬን ሊፈነክተኝ አይደል?»

«እንደ ሰው ጎንበስ ብለህ ትገባለህ!»

ሁለት ቀን ሠራችበት። በሪቱ በተሰቀለች ማግስት ጠዋት ጋሽ አፍራሹ ዳቦ ሊገዛ ወጣ ሲል ግንባሩ መቃኑን ገጨ፤ ድምፁ እስከ ነዳጅ ማደያው ተሰማ። የረድፉ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

«እሰይ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «አሁን ገና ሰፈረ።»